ትርፉ ለማን፣ ወጪው በማን? ለአካባቢ የሚስማማ ንግድን ኢኮኖሚክስ ከጎጃም ሆኖ ለማጥናት

ስለ አካባቢ ጥበቃ በስብሰባ ሲወራ ሁሉም ይስማማል። ጭቅጭቅ የሚመጣው ሂሳብ ሲጀመር ነው። ማን ያተርፋል? መቼ? ጉዳቱንስ የሚሸከመው ማነው? ይህ መመሪያ ያንን ሂሳብ ለመማር ለሚፈልግ ሰው ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የቸገረው ተማሪ፣ የወረዳ ግብርና ባለሙያ፣ ወይም በራሱ ገንዘብ አንድ ነገር ሊጀምር ያሰበ ወጣት ይጠቀምበታል። አራቱን የሂሳብ መደቦች ካወቃችሁ፣ ስልክና ደብተር ካላችሁ በቂ ነው።

ብዙ ሰው ጥናቱን ከትርጉም ይጀምራል። «ዘላቂ ልማት ማለት...» ብሎ በ1987 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን ካወጣው ሪፖርት ይገለብጣል። ሦስት ገጽ ይሞላና እዚያው ይቆማል። እኔ የምመክረው በተቃራኒው ነው። መጀመሪያ አንድ ንግድ ያዙ፣ ንድፈ ሐሳቡ ሲያስፈልግ ይመጣል።

ደረጃ 1፦ በዓይን የሚታይ አንድ ንግድ ምረጡ

ጎጃም ውስጥ ርዕስ አይጠፋም። መራዊ አካባቢ ያለ ሰው የቆጋ መስኖ በሚያጠጣው መሬት ላይ ድንች መትከልና ባህር ዛፍ መትከል ያላቸውን ልዩነት ሊያሰላ ይችላል። ዘጌ ያለ ሰው በደን ጥላ ሥር የሚበቅል ቡና አለለት። ቡሬ ያለ ሰው የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሽን የማጣራት ወጪ በማን ላይ ማረፍ እንዳለበት ይጠይቅ። የጮቄ ተራራ ግርጌ ያለ ሰው እርከን መሥራት ለአራሹ ይከፍለው እንደሆነ ይመርምር። ባህር ዳር ያለው ደግሞ ጣና አጠገቡ ነው። እምቦጭ ሐይቁን ማስጨነቅ ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ከማሳ ታጥቦ ሐይቅ የሚገባው አፈርና ማዳበሪያ አረሙን ይመግበዋል። ኪሳራው ግን አሣ አጥማጁ ጋ ነው።

እዚህ ምሳሌ የማደርገው የአዊ ዞንን ዲከረንስ ነው። ሰዉ «ዲከረንስ» የሚለው ይህ የግራር ወገን ዛፍ አገሩ አውስትራሊያ ነው። ፋግታ ለኮማና በአካባቢው ባሉ ወረዳዎች ገበሬው በሰብል መሬቱ ላይ ይተክለዋል። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ ከጤፍ ወይም ከስንዴ ጋር አብሮ ያድጋል። ቀጥሎ ከሥሩ ሣር ይታጨዳል። በአራት ወይም በአምስት ዓመት ይቆረጥና ከሰል ይከሰላል፣ መሬቱም ወደ ሰብል ይመለሳል። ከሰሉ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል። ለአጥኚ ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም። ጥቅሙም ጉዳቱም አንድ ማሳ ላይ ይታያል።

ደረጃ 2፦ ጥያቄውን ንጽጽር አድርጉት

«ዲከረንስ ይጠቅማል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ከምን ጋር ሲነጻጸር? ለማን? በስንት ዓመት? ጥሩ ጥያቄ እንዲህ ይመስላል፦ «በዚህ ሩብ ሄክታር ላይ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ፣ ለባለመሬቱ ቤተሰብ ዲከረንስ ይሻላል ወይስ በየዓመቱ ጤፍ?» ሁለተኛ ጥያቄ ከፈለጋችሁ «ለባለመሬቱ» የሚለውን አውጡና «ለቀበሌው ሁሉ» የሚለውን አስገቡ። መልሱ ሊገለበጥ ይችላል። ትምህርቱም ያለው እዚያ ላይ ነው።

የንጽጽሩ ሌላኛው ወገን ብዙ ጊዜ ይረሳል። ከሰል ደን ያወድማል ይባላል፣ እውነት ነው። ግን የከተማው ሰው ከሰል መግዛቱን ካላቆመ፣ ከተተከለ ዛፍ ያልመጣው ከሰል ከተፈጥሮ ደን ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ «ይህ ንግድ ባይኖር ኖሮ ምን ይሆን ነበር?» የሚለውን ሳትመልሱ አረንጓዴ ነው ወይም አይደለም ብላችሁ አትፍረዱ።

ደረጃ 3፦ ወጪና ገቢን ከባለቤቱ አፍ ልቀሙ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ጥናቱ የሚበላሸውም የሚያምረውም እዚህ ነው።

ቀጥታ «ስንት ያተርፋሉ?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልስ አታገኙም። የግብር ሰው ናችሁ ተብሎ ይታሰባል። ባይታሰብም በዓመት ስንት እንደተረፈው በቃሉ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። የመጨረሻውን ሽያጭ ጠይቁ። «አያ፣ ባለፈው የሸጡት ስንት ጆንያ ነበር? ለማን ሸጡት? መንገድ ዳር ወስደው ነው ወይስ ነጋዴው ማሳው ድረስ መጣ?» አንድ የተወሰነ ቀን ሲታወስ ቁጥሩ ይመጣል። ከዚያ ወደ ኋላ ሂዱ፦ ማን ቆረጠው፣ ማን አከሰለው፣ ችግኙ ከየት ተገዛ።

ባልየውን ብቻ አነጋግራችሁ አትመለሱ። ችግኝ ማን ተሸከመ? ለአክሳዮቹ ምግብ ማን አበሰለ? እነዚህን እናትየውን ጠይቁ። ባልየው «ወጪ የለውም» ያለው ነገር እሷ ጋ የሁለት ሳምንት ሥራ ሆኖ ይገኛል።

መለኪያ ላይ ተጠንቀቁ። ጥማድ ወይም ቃዳ ሩብ ሄክታር ተብሎ ይሰላል፣ ግን ሁሉም ማሳ እኩል አይወጣም። ስልካችሁ ላይ መሬት የሚለካ መተግበሪያ ጭናችሁ ዙሪያውን ብትራመዱ ይሻላል። ጆንያም እንደዚሁ ነው። አንዱ አፉ ድረስ ይሞላል፣ ሌላው ከአፉ በላይ በእንጨት ተደግፎ ይቆለላል። ጥቂት ጆንያዎችን በሚዛን መዝኑና አማካዩን ያዙ። ዋጋ ስትመዘግቡም ቦታውን ጻፉ። የማሳ ዋጋ፣ የመንገድ ዳር ዋጋና የአዲስ አበባ ዋጋ የተለያዩ ናቸው። በመካከል ደላላ፣ ጫኝ፣ መኪና እና ኬላ አሉ። ፀጥታ ተበላሽቶ መንገድ ሲዘጋ የማሳው ዋጋ ይወድቃል፣ የከተማው ይወጣል። በእንዲህ ያለ ወር የተሰበሰበ ዋጋ የዓመት ዋጋ አይደለም።

በብር ያልተከፈሉ ሁለት ነገሮች ደግሞ አሉ፤ ጉልበትና መሬት።

የቤተሰብን ጉልበት ዜሮ ብላችሁ አትጻፉ። ሙሉ የከተማ ደመወዝም አታድርጉት። ጥያቄው ያ ሰው በዚያ ቀን ሌላ ምን ሠርቶ ያገኝ ነበር የሚለው ነው። ኢኮኖሚስቶች የታለፈ ዕድል ዋጋ ይሉታል። በኅዳር አጨዳ ጊዜ የአንድ ቀን ጉልበት ውድ ነው። በየካቲት ርካሽ ነው። ወንፈል ከሆነም ነፃ አይደለም፣ በሌላ ቀን ይመለሳል። የሥራ ቀናትን ስትቆጥሩ ወሩን በ30 አታስሉ። በዓላቱን ቀንሱ፣ ጎጃም ውስጥ በማይታረስበትና በማይታጨድበት ቀን ወሩ በደንብ ያጥራል። የተለኮሰ የከሰል ክምር ግን በዓል አያውቅም። ሌሊትም ቀንም ካልተጠበቀ አመድ ይሆናል። ስለዚህ የአክሳዩን ሌሊት መቁጠር አትርሱ።

መሬት ሌላ ጉድ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም። ስለዚህ የመሬት ገበያ ዋጋ ብላችሁ የምትጽፉት ቁጥር የለም። ግን ኪራይ አለ፣ እኩል ማረስም አለ። ያ ማሳ ለዓመት ቢከራይ ስንት ያወጣል? የመሬቱ ዋጋ ያ ነው። ሁለት ሰብሎችን ጎን ለጎን ስታነጻጽሩ ግን ኪራዩ ሁለቱም ዘንድ እኩል ስለሆነ ልትተዉት ትችላላችሁ።

ደረጃ 4፦ ጊዜን በብር ተርጉሙ

ዛፍ በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ ይከፍላል። ጤፍ በየዓመቱ። ሁለቱን እንዲሁ ደምሮ ማወዳደር አይሆንም። የዛሬ 100 ብር እና ከአምስት ዓመት በኋላ የሚመጣ 100 ብር እኩል አይደሉም። የወደፊቱን ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ ለማምጣት በወለድ መጠን እናካፍለዋለን፦ ከአንድ ዓመት በኋላ የሚመጣውን በ(1 + ወለድ) አንድ ጊዜ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚመጣውን አምስት ጊዜ። ስልካችሁ ላይ 100000 ጻፉና በ1.15 አምስት ጊዜ አካፍሉ። 49,718 ይመጣል። በ15 በመቶ ወለድ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚመጣ መቶ ሺህ ብር ዛሬ ከሃምሳ ሺህ በታች ነው ማለት ነው።

አሁን በሙሉ እንሥራው። ቁጥሮቹን ለልምምድ የፈጠርኳቸው ናቸው፣ እናንተ የራሳችሁን ታስገባላችሁ። ጤፉ በየዓመቱ መጨረሻ 18,000 ብር የተጣራ ትርፍ ይሰጣል። ዲከረንሱ መጀመሪያ ላይ ለችግኝና ለተከላ 5,000 ብር ይጠይቃል፤ በመጀመሪያው ዓመት አብሮት የተዘራው ጤፍ 18,000 ይሰጣል፤ በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ 100,000 ብር ይገባል። የሣሩን ለጊዜው እንተወው።

በ8 በመቶ ወለድ የአምስቱ ዓመት ጤፍ የዛሬ ዋጋ 71,869 ብር ነው። የዲከረንሱ 79,725 ብር። ዛፉ አሸነፈ። በ15 በመቶ ጤፉ 60,339፣ ዲከረንሱ 60,370 ብር፣ ማለት እኩል ናቸው። በ25 በመቶ ጤፉ 48,407፣ ዲከረንሱ 42,168። ጤፉ አሸነፈ።

መሬቱ ያው ነው፣ ዛፉ ያው ነው። የተለወጠው ወለዱ ብቻ ነው። እንግዲህ ለአንድ ገበሬ ትክክለኛው ወለድ የትኛው ነው? የባንክ ቁጠባ ወለድ አይደለም። ገንዘብ ሲቸግረው ከየት ይበደራል? የሚበደረው ከአራጣ አበዳሪ ከሆነ ወለዱ ያ ነው። ሌላም ምልክት አለ። አንዳንድ ገበሬ ለልጅ ትምህርት ወይም ለሕክምና ብር ሲያስፈልገው ዛፉን ሳይደርስ በቁሙ ይሸጣል። በአምስት ዓመቱ 100,000 የሚያወጣውን በሦስት ዓመቱ በ45,000 ከሸጠው፣ ለመጠበቅ የሚጠይቀው ዋጋ በዓመት 49 በመቶ ገደማ ነው። (100,000ን ለ45,000 አካፍሉ፣ ካሬ ሩቱን አውጡ፣ 1.49 ይመጣል።) እንዲህ ያለውን ሰው «ለምን አልጠበቅህም?» ማለት ቀላል ነው። ጥናታችሁ ግን ችግሩ የብድር እንጂ የዛፍ አለመሆኑን ሊያሳይ ይችላል።

የዋጋ ንረት ነገር እዚህ ብዙዎችን ያሳስታል። በ2014 ዓ.ም. የሀገራችን ዓመታዊ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ምርጫችሁ ሁለት ነው። ወይ ሁሉንም ዋጋ በዛሬ ብር ጻፉና ንረቱ የተቀነሰበትን ወለድ ተጠቀሙ፣ ወይ ዋጋውም ወለዱም ንረቱን ይዞ ይሂድ። አንዱን ከሌላው አትቀላቅሉ። በዛሬ ብር የተጻፈ ዋጋ ይዞ ንረቱ ባልተቀነሰበት የብድር ወለድ ማስላት ዛፉን ያለ ጥፋቱ ይቀጣዋል።

ደረጃ 5፦ ደረሰኝ የሌላቸውን ወጪዎች ፈልጉ

እስካሁን የባለመሬቱን ኪስ ነው ያየነው። አሁን ከአጥሩ ውጡ።

ከሰል ሲከሰል ጭስ አለ። በጭሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሚቴን አሉ። የመጀመሪያው ክምሩ አጠገብ የሚያድረውን አክሳይ ይጎዳዋል። ሁለተኛው የማንም ሰፈር ሳይመርጥ አየሩን ያሞቃል። አክሳዩ ብዙ ጊዜ መሬት የሌለው ወጣት ነው። በቀን ክፍያው ውስጥ የሳንባው ዋጋ የለም። ይህን ኢኮኖሚስቶች ውጫዊ ወጪ ይሉታል፦ ንግዱ ይፈጥረዋል፣ ንግዱ አይከፍለውም።

ውጫዊ ጥቅምም አለ። ዛፉ ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ ለአፈር ይጨምራል። በተዳፋት መሬት ላይ አፈር ይይዛል። ምዕራብ ጎጃምና አዊ አሲዳማ አፈር የበዛበት አገር ስለሆነ ገበሬው «መሬቴ አገገመ» ሲል ትሰማላችሁ። ልክ ሊሆን ይችላል። እናንተ ግን በሰማችሁት አትጻፉ። ዲከረንስ ከነበረበትና ካልነበረበት፣ ጎን ለጎን ካሉ ማሳዎች አፈር ወስዳችሁ አስመርምሩ፣ የሁለቱንም የጤፍ ምርት አወዳድሩ። ዛፉ የአፈሩን አሲድነት ለመቀነስ የሚበተነውን ኖራ የሚተካ ከሆነ የኖራው ዋጋ ጥቅም ሆኖ ይመዘገባል። ካልተካ አይመዘገብም።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለስሌት የሚመቸው የማክሰያው ጉዳይ ነው። በሣርና በአፈር የሚሸፈነው ባህላዊ ክምር ከደረቅ እንጨት ክብደት ከ10 እስከ 20 በመቶ ያህል ከሰል ይሰጣል። የተሻሻለ ማክሰያ ከ25 እስከ 30 በመቶ ሊደርስ ይችላል። 10 ቶን ደረቅ እንጨት በ15 በመቶ ሒሳብ 1.5 ቶን ከሰል፣ በ25 በመቶ 2.5 ቶን ይሆናል። ጭሱም ይቀንሳል። ታዲያ ሁሉም ለምን አይጠቀምበትም? ይህን ጥያቄ «ግንዛቤ ስለሌለ» ብላችሁ አትዝጉት፣ ይሄ መልስ ሰልችቶኛል። የማክሰያውን ዋጋ ጠይቁ። ከማሳ ማሳ ማን ይሸከመዋል? እንጨቱን በደንብ ለማድረቅ የሚጠፋውን ጊዜስ ማን ይታገሣል? አክሳዩ በጆንያ ከሆነ የሚከፈለው፣ ብዙ ከሰል ማውጣት ይጠቅመዋል። በቀን ከሆነ ግን ተጨማሪው አንድ ቶን የባለቤቱ ነው፣ ጭሱን የሚተነፍሰው ደግሞ አክሳዩ ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ እዚህ ውል ውስጥ ተደብቋል።

በብር መተመን ያቃታችሁን ነገር በግድ አትተምኑ። በኪሎ፣ በሰዓት ወይም በሰው ቁጥር ጻፉት። የካርቦን ሽያጭ ገቢም (ዛፉ ከአየር ለሚይዘው ካርቦን የሚከፈል ገንዘብ)፣ የተፈረመ ውል በእጃችሁ ካልያዛችሁ፣ ሂሳቡ ውስጥ አታስገቡ።

ደረጃ 6፦ ዛፉ ቢታመምስ?

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዲከረንስን ዋግ የሚባል የፈንገስ በሽታ እየመታው ነው። አንድ ዓይነት ዛፍ አገሩን ሁሉ ሲሞላ በሽታ መንገዱ ቀና ይሆንለታል። ሂሳባችሁ ይህን ካላወቀ ውሸት ነው።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ዛፉ ሙሉ በሙሉ የመጥፋት ዕድሉ ከአምስት አንድ ነው እንበል። በ8 በመቶ ወለድ የመጨረሻው ሽያጭ የዛሬ ዋጋ 68,058 ብር ነበር። አምስተኛውን እጅ፣ 13,612 ብር፣ ቀንሱ። የዲከረንሱ 79,725 ወደ 66,113 ይወርዳል። የጤፉ 71,869 ነበር። በዝቅተኛው ወለድ ሲያሸንፍ የነበረው ዛፍ ተሸነፈ። ከዚያ ወደ ኋላ ጠይቁ፦ ዛፉ እንዳይሸነፍ የመጥፋት ዕድሉ ከስንት መብለጥ የለበትም? ወደ 11.5 በመቶ ይመጣል፣ ከዘጠኝ ማሳ አንዱ ገደማ ማለት ነው። አሁን ቀበሌው ውስጥ ዞራችሁ ምን ያህሉ ማሳ እንደተመታ ቁጠሩ።

እንዲህ አንዱን ቁጥር እየነካኩ ውጤቱ መቼ እንደሚገለበጥ ማየት ከጥናቱ ሁሉ ጠቃሚው ክፍል ነው ባይ ነኝ። ለዋጋም፣ ለምርትም፣ ለጉልበትም አድርጉት። ኤክሴል ካላችሁ ቀላል ነው፣ በደብተርም ይሠራል። ሁሉንም አማራጭ መጻፍ አያስፈልግም። ውጤቱን የሚገለብጡትን ሁለት ወይም ሦስት ቁጥሮች ብቻ አሳዩ።

ደረጃ 7፦ አሁን ንድፈ ሐሳቡን አንብቡ

እጃችሁ ላይ ጥያቄ አለ፦ የጭሱን ወጪ ማን ይክፈል? ሦስት ኢኮኖሚስቶችን በዚህ ጥያቄ ፈትኗቸው።

አርተር ፒጉ በ1920 እ.ኤ.አ. የሰጠው መልስ ሌላውን የሚጎዳ ሥራ ግብር ይጣልበት የሚል ነው። በከሰል ላይ እንዴት ይሠራል? ኬላ ላይ በጆንያ ቢጣል ብዙ የሚያጨሰውም ትንሽ የሚያጨሰውም እኩል ይከፍላሉ። ሮናልድ ኮዝ በ1960 እ.ኤ.አ. መብቱ የማን እንደሆነ ግልጽ ከሆነና መደራደር ወጪ ከሌለው ጎረቤታሞች ራሳቸው ይስማማሉ አለ። ሁለት ጎረቤት በሽማግሌ ሊስማማ ይችላል። የጣና አሣ አጥማጅ ግን ከላይ ካሉት ስፍር ቁጥር ከሌላቸው አራሾች ጋር እንዴት አድርጎ ይደራደር? ኤሊኖር ኦስትሮም ደግሞ የጋራ ሀብትን ተጠቃሚዎቹ በራሳቸው ደንብ ሊጠብቁት እንደሚችሉ ከብዙ አገር ምሳሌ አሳየች። በ2009 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ከሦስቱ ለጎጃም የምትቀርበው እሷ ትመስለኛለች። የግጦሽ መሬት ደንብና የመስኖ ውሃ ተራ ያለበት አገር ሐሳቧን ለመረዳት አይቸገርም።

ከሕጉ ጥቂት ነገር ያዙ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢን መብት ያደርገዋል። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ስለ አካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ፣ አዋጅ ቁጥር 300/1995 ስለ ብክለት ቁጥጥር ናቸው። ቡሬን ወይም ሌላ ፋብሪካን የምታጠኑ ከሆነ ሁለቱን ሳታነቡ አትጀምሩ። በእንጅባራ፣ በደብረ ማርቆስና በባህር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የተሠሩ የመመረቂያ ጽሑፎችንም ፈልጉ። ስታነቡ ከመደምደሚያው በፊት የወለድ መጠኑንና የጉልበት ዋጋውን እዩ። እነሱ ካልተገለጹ መደምደሚያውን አትመኑ።

ደረጃ 8፦ ጻፉትና መልሳችሁ ውሰዱት

ሁለት ገጽ ይበቃል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ንጽጽሩ፣ የባለመሬቱ ሂሳብና ውጤቱን የሚገለብጡ ቁጥሮች ይቀመጡ። ሁለተኛው ላይ አንድ ሠንጠረዥ ሥሩ፦ በግራ ጥቅምና ጉዳቱ፣ በቀኝ ደግሞ የሚደርስባቸው ሰዎች። ባለመሬት፣ የቤቱ እናት፣ አክሳይ፣ ጎረቤት፣ ነጋዴ፣ የከተማ ሸማች፣ ያልተወለደ ልጅ። በብር የተተመነውን በብር፣ ያልተተመነውን በቃል ሙሉት።

ከዚያ ላነጋገራችኋቸው ሰዎች በቤተ ክርስቲያን መልስ ወይም በማኅበር ቀን፣ ሰው ተሰብስቦ በሚገኝበት፣ ቁጥሩን በአማርኛ አንብቡላቸው። አገውኛ የሚቀናቸው ካሉ አስተርጓሚ ይኑር። የማንንም ሰው የግል ገቢ በስም አታንሱ፣ አማካዩን ብቻ ተናገሩ። «እኛ ጋ ሦስት አክሳይ አይበቃም» ወይም «ይህ የጆንያ ዋጋ የፋሲካ ሰሞን ነው» የሚል ይነሣል። እዚያው ደብተራችሁ ላይ አርሙት፣ ማን በምን ምክንያት እንዳረመው ጻፉ፣ ከዚያ ስሌቱን ከደረጃ 4 ጀምራችሁ እንደገና ሥሩ።